የ82ቱን ቴርሞስታት አውጥቼ 76.5 አስገጠምኩ፤ ሜዳ ላይ ቀዘቀዘ፣ ዳገት ላይ ግን ያው ነው

የለቡው ኮሮላ — ኅዳር 12፣ ከምሽቱ 2፡40

ጤና ይስጥልኝ። መኪናዬ 2004 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ ናት፤ 1.6 ቤንዚን፣ ማርሿ በእጅ። እናቴ ደብረ ማርቆስ ስለሆነች በወር አንድ ጊዜ እመላለሳለሁ። መስከረም ላይ ዓባይ በረሃን ወጥተን ደጀን ልንገባ ጥቂት ሲቀረን ከኮፈኑ ስር እንፋሎት ተነሣ። ወርጄ ሳየው ውኃው ከትንሿ ማጠራቀሚያ ገንፍሎ መንገዱ ላይ ይንጠባጠባል። የገረመኝ ግን የሙቀት መርፌው ግማሽ ላይ ቁጭ እንዳለ ነበር። ንቅንቅ አላለም።

ከዚያ በኋላ ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የሚገናኝ የኮድ ማንበቢያ ገዛሁና የውኃውን ሙቀት በቁጥር መመዝገብ ጀመርኩ። ጥቅምት ላይ በዚያው በፋብሪካው ቴርሞስታት (ውኃው 82 ዲግሪ ገደማ ሲሞቅ ወደ ራዲያተር በሚከፍተው በር) ዓባይን ስወጣ 101 ዲግሪ አነበብኩ፤ እንደገናም ትንሽ ገነፈለ። ስመለስ ያሳየሁት መካኒክ «የፋብሪካው 82 ለአውሮፓ ብርድ የተሠራ ነው፤ ለእኛ አገር 76.5 ይሻላል» ብሎ ቀየረልኝ። አሁን ያለው ነገር እንዲህ ነው።

በአዳማ ፈጣን መንገድ በሰዓት 100 ስነዳ ድሮ 87 እና 88 ነበር፤ አሁን 80 እና 81 ነው። በዚህ በጣም ደስ አለኝ። መገናኛ መጨናነቅ ውስጥ ግን ድሮም አሁንም 96 ይደርሳል፣ ማራገቢያው ይነሣል፣ ወደ 91 ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣል። ባለፈው ቅዳሜ ዓባይን ስወጣ ደግሞ ኤሲ ዘግቼ፣ በሦስተኛ ማርሽ፣ 100 ከዚያም 101። ያው ነው። ውኃውም ያው ገነፈለ።

በዚያ ላይ ጠዋት ጠዋት ሞተሩ ለመሞቅ ይለግማል። ድሮ ጀርመን አደባባይ ሳልደርስ 80 ይሞላ ነበር፤ አሁን ቄራ ስደርስ ገና 74 ነው። በሊትር 13 ኪሎ ሜትር የምትሄደው መኪናም 12 ላይ ወርዳለች። ታዲያ የገዛሁት ቅዝቃዜ የት ሄደ?

ቀዝቃዛ ሞተር — ኅዳር 12፣ ከምሽቱ 3፡15

ወንድሜ፣ መፍትሔው ቀላል ነው። 76.5ቱንም አውጥተህ ጣለው። ቴርሞስታት የበረዶ አገር ዕቃ ነው። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ያለ ቴርሞስታት ነድቻለሁ፤ አንድም ቀን ሞቆብኝ አያውቅም።

ጋሽ መፍቻ — ኅዳር 12፣ ከምሽቱ 4፡02

ልጄ ቀዝቃዛ፣ አሥራ አንድ ዓመት ያልሞቀብህ አምላክ ስለጠበቀህ ነው እንጂ ቴርሞስታት ስለጣልክ አይደለም። እኔ ጋራዥ ውስጥ ሠላሳ ስምንት ዓመት ኖሬያለሁ። «ቴርሞስታቱን አውጥተውልኝ» እያሉ የመጡ መኪኖችን ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) ስንት ጊዜ እንዳስላግኩ አልቆጥረውም። አንዳንዱ ሞተር ላይ ቴርሞስታቱ ሁለት አፍ አለው፤ አንደኛው ወደ ራዲያተር የሚወስደውን ሲከፍት ሁለተኛው አቋራጩን ይዘጋል። አውጥተህ ስትጥለው አቋራጩ ክፍት ይቀራል። ውኃው ራዲያተር ሳይነካ ሞተሩ ውስጥ ይዞራል። ልታቀዘቅዝ ብለህ ታሞቃለህ።

አሁን ወደ ለቡው ልጅ ልምጣ። ቴርሞስታት ማለት ሰም የታሸገበት ትንሽ የነሐስ ቡሽ ነው። ሰሙ ሲሞቅ ያብጥና ዘንግ ገፍቶ በሩን ይከፍታል። ያንተ 82 ከ80 እስከ 84 ባለው ውስጥ መከፈት ይጀምራል፤ 95 ላይ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል። 76.5ቱ ደግሞ ሁሉንም ነገር አምስት ዲግሪ ያህል ቀድሞ ያደርገዋል። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው። ሞተሩን «ከዚህ በታች አትውረድ» ይለዋል እንጂ «ከዚህ በላይ አትውጣ» ሊለው አይችልም። በሩ ወለል ብሎ ከተከፈተ በኋላ ሙቀቱን የሚይዙት ራዲያተሩ፣ ማራገቢያው፣ የውኃ ፓምፑና ነፋሱ ናቸው።

ስለዚህ ፈጣን መንገድ ላይ ነፋሱ ብዙ፣ ሥራው ቀላል ስለሆነ ቴርሞስታቱ ያዝዛል፤ 80 አየህ። መገናኛ ላይ የሚያዝዘው የማራገቢያው መነሻ ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም አልነካውም። ዓባይ ላይ በሩ ድሮውንም ክፍት ነበር። የተከፈተ በር ላይ ሌላ የተከፈተ በር ብትገጥም ምን ይጨምርልሃል?

ሰመራ መንገድ — ኅዳር 13፣ ከጠዋቱ 12፡50

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ የእኔ ዲዝል ላይ የተቀረጸው 76.5 ነው፤ ከፋብሪካ ይዞት የመጣ። ሚሌ ላይ ፀሐዩ አስፋልቱን ሲያቀልጠው ስንት ጭነት ጭኜ አልፌበታለሁ። 76.5 መጥፎ ዕቃ ነው እንዴ ታዲያ?

ጋሽ መፍቻ — ኅዳር 13፣ ከጠዋቱ 1፡30

መጥፎ ማን አለ? ላንተ ሞተር የተሠራው ያ ነው። ራዲያተሩም፣ ፓምፑም፣ የነዳጅ አሰጣጡም በዚያ ተሰልቶለታል። የሰው ጫማ ጥሩ ነው፤ እግርህ ካልሆነ ግን ያው ያነክስሃል።

የቨርጂኒያው — ኅዳር 13፣ ከቀኑ 8፡10

ጋሽ መፍቻ ባሉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ አንድ ነገር ደግሞ በትሕትና ላርም።

የሚጨመረው ይህ ነው። ኮምፒውተሩ ሞተሩ መሞቅ አለመሞቁን ይከታተላል። በቶዮታ፣ በቂ ጊዜ ተነድቶ ውኃው 75 ዲግሪ ካልደረሰ ፒ 0128 የሚባለውን ኮድ አውጥቶ የሞተር መብራት ያበራል። 76.5 ለዚያ ድንበር በጣም ቅርብ ነው፤ 71 ያስገጠመ ሰው ደግሞ ኮዱን ሊያይ ይችላል። ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ የጭስ ምርመራ አለብን፤ የሞተር መብራት የበራበት መኪና ወዲያውኑ ይወድቃል። ባለፈው ክረምት አንድ አበሻ ደንበኛዬ ከአገር ቤት በመጣ ምክር ዝቅ ያለ ቴርሞስታት አስገጥሞ ሁለት ጊዜ ወድቆ መጣ። የቤንዚኑም ነገር ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ውኃው እስኪሞቅ ድረስ ኮምፒውተሩ ቤንዚን አብዝቶ ይሰጣል፤ ዘይቱም ወፍራም እንደሆነ ይቆያል። ከለቡ እስከ ቄራ ያለው መንገድህ በሙሉ በዚያ አልፏል ማለት ነው።

የማርመው፦ የዚህ ኮሮላ ቴርሞስታት የተቀመጠው በመግቢያው በኩል፣ ከራዲያተር የሚመለሰው ውኃ ወደ ፓምፑ በሚገባበት ቦታ ነው። ስልክህ ላይ የምታየው ቁጥር ግን ከሞተሩ ከሚወጣው ውኃ ነው። መውጫው 101 ሲል መግቢያው ላይ ያለው ውኃ 90 ወይም ከዚያ በታች ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ 82ቱ ገና ሙሉ በሙሉ ላይከፈት ይችላል፤ 76.5ቱ ግን ተከፍቷል። ስለዚህ ዳገት ላይ ፈጽሞ ጥቅም የለውም አልልም። አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ ሊሰጥ ይችላል። «100 ከዚያም 101» ያልከው ምናልባት እሷ ናት።

ጋሽ መፍቻ — ኅዳር 13፣ ከቀኑ 9፡05

ተቀብያለሁ። በመግቢያ በኩል መሆኑን ዘንግቼው ነበር። ግን ለአንድ ዲግሪ ብሎ ማነው በሊትር አንድ ኪሎ ሜትር የሚከፍል?

ቀዝቃዛ ሞተር — ኅዳር 13፣ ከምሽቱ 1፡20

እንግዲህ አመናችሁ። እኔ የምለውም ይኸው ነው፤ ዳገቱን ከ80 የጀመረ ሞተርና ከ88 የጀመረ ሞተር እኩል አይደሉም።

የቨርጂኒያው — ኅዳር 13፣ ከምሽቱ 2፡45

በአጭር ዳገት እውነትህን ነው። ዝቅ ብሎ የጀመረ ውኃ ለመሙላት ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል፤ ዳገቱ ቀድሞ ካለቀ «ፈወሰኝ» ትላለህ። ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ግን ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቁመቱም ከ1,300 ሜትር አያንስም። እነዚያ ደቂቃዎች የመጀመሪያዎቹ ኩርባዎች ላይ ያልቃሉ።

ክፍል 11 ፊዚክስ — ኅዳር 14፣ ከምሽቱ 3፡30

ውይይቱን ከትናንት ጀምሬ እያነበብኩ ነው። ሁላችሁም ስለ ሙቀት እየተነጋገራችሁ የለቡው ወንድማችን የጻፈው ትልቁ ነገር ታለፈ። መርፌው ግማሽ ላይ እያለ ውኃው ገነፈለ አለ። 101 ዲግሪ እኮ ለዚህ ሞተር አደገኛ ሙቀት አይደለም። ጥያቄው ለምን 101 ደረሰ ብቻ አይደለም፤ በ101 ለምን ፈላ? ነው።

ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የምጠይቃቸው ነገር አለ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ውኃ በስንት ዲግሪ ይፈላል? ሁሉም 100 ይላሉ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ስለሆነች በ92 ዲግሪ ነው የሚፈላው። እንጦጦ ላይ 90 አካባቢ ይሆናል። ዓባይ ድልድይ ዘንድ፣ ሺህ ሜትር ገደማ ላይ፣ ወደ 97 ይጠጋል። ለጅቡቲ ሾፌሮች ብቻ ነው 100 የሚሆነው።

መኪና ውስጥ በ92 የማይፈላው የራዲያተሩ ክዳን ውኃውን አፍኖ ስለሚይዘው ነው። ክዳኑ ላይ 1.1 የሚል ጽሑፍ ካለ ከአየሩ ግፊት በላይ 1.1 ባር ይይዛል ማለት ነው። ክዳኑ ደኅና ከሆነ አዲስ አበባ ላይ ተራ ውኃ እንኳ እስከ 118 ዲግሪ ገደማ አይፈላም። ክዳኑ ጨርሶ ካልያዘ ግን መገናኛ መጨናነቅ ውስጥ ማራገቢያው ሳይነሣ ይፈላል። ይህን እዚህ አገር ብዙ ሰው «ሞተሬ ሞቀ» ይለዋል። ሞተሩ አልሞቀም፤ ግፊቱ ነው የጠፋው።

76.5 ብዙ ሰው «የረዳው» በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። በተበላሸ ክዳን ሜዳ ላይ 88 የሚሄድ መኪና ለመፍላት አራት ዲግሪ ነው የቀረው። 80 ላይ ሲወርድ አይገነፍልም። በሽታው ግን አልዳነም።

የራዲያተሩም ነገር አለ። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ክብደቱ ከባሕር ዳርቻው አየር ሦስት አራተኛ ቢሆን ነው። ያው ማራገቢያ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም ከራዲያተሩ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል።

ክፍል 11 ፊዚክስ — ኅዳር 14፣ ከምሽቱ 4፡10

ስለ ቴርሞስታት መሞከሪያም ልንገራችሁ፣ ዛሬ ማታ አድርጌዋለሁና። የባለቤቴን መኪና ቴርሞስታት (ባለ 82 ነው) ከወጥ ቤት አነስተኛ ድስት ውስጥ አስገባሁት። የስፌት ክር ወስጄ ጫፏን በተዘጋው አፍ መካከል አስነከስኳትና ቴርሞስታቱን በዚያው ክር ድስቱ መካከል አንጠለጠልኩት፤ ታቹን አይነካም። ከጎኑ የቤተ ሙከራ ቴርሞሜትር። 78… 79… 80። ልክ 81 ሲል አፉ ክሩን ለቀቀና ቴርሞስታቱ ጠቅ ብሎ ታች ወደቀ። ልጆቼ አጨበጨቡ።

ከዚያ ነው የሳቅሁት። የጥገና መመሪያው «95 ላይ ምን ያህል እንደተከፈተ ለካ» ይላል። ውኃው ግን 92 ላይ መፍላት ጀመረና ከዚያ በላይ ፈቀቅ አልል አለ። አዲስ አበባ ላይ ድስት ውስጥ 95 የለም። ያን ለማየት በውኃው ፋንታ ግማሽ በግማሽ የተደባለቀ ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ማፍላት ያስፈልጋል፤ መርዝ ስለሆነ ግን በወጥ ቤት ድስት ማንም እንዳይሞክረው።

የሻርጃው — ኅዳር 15፣ ከጠዋቱ 3፡00

መምህርት እናመሰግናለን። እዚህ ሐምሌ ላይ ጥላ ስር 46 እና 47 ዲግሪ ይሆናል። የምሠራበት ጋራዥ ለእንዲህ ዓይነቱ ኮሮላ የሚያስገባው ያንኑ 82ቱን ነው። ራዲያተር የሚሠራው በውኃውና በአየሩ ሙቀት ልዩነት ነው፤ ውኃው 95፣ አየሩ 45 ሲሆን 50 ዲግሪ ልዩነት አለህ። ውኃውን በግድ 80 ላይ ልያዝህ ብትለው ልዩነቱ 35 ይሆናል፤ ራዲያተሩ በዚያች 35 ያንኑ ሙቀት ማውጣት አይችልም። ስለዚህ ቴርሞስታቱ ምንም ቢጻፍበት ውኃው ራሱ ወደ ላይ ይወጣል።

እኔ የምጠይቅህ፣ ራዲያተሩና የኤሲው ኮንደንሰር መካከል አይተሃል? እኛ ዘንድ አሸዋ ነው የሚሞላው። እናንተ ዘንድ ምን እንደሚሞላው አላውቅም።

ጋሽ መፍቻ — ኅዳር 15፣ ከጠዋቱ 4፡20

እኛ ዘንድ የጤፍ ገለባ፣ የወፍ ላባና የሲሚንቶ አቧራ።

የለቡው ልጅ፣ መምህርቷ ያሉትን ስማ። እኔ ቴርሞስታት ላይ ስከራከር ክዳኑን ረሳሁት፤ አፈርኩ። ክዳንህን ግፊት መለኪያ ያለው ጋራዥ ውሰደው። በእጅ ፓምፕ ግፊት ይሰጡትና መቼ እንደሚለቅ ያዩታል፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሞተሩ ትኩስ እያለ ግን በገዛ እጅህ እንዳትከፍተው። ግራ ክንዴ ላይ ከክርን እስከ አንጓ ያለው ጠባሳ በ1984 ዓ.ም. አንድ የጭነት መኪና ክዳን የሰጠኝ ነው።

የለቡው ኮሮላ — ኅዳር 19፣ ከምሽቱ 1፡50

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ያየሁትን ልጻፍ።

ክዳኑ፦ ላዩ ላይ 1.1 ተጽፏል። ፓምፑ ላይ ሲደረግ መርፌው 0.3 ላይ ደርሶ ፉት እያለ ለቀቀ። ሦስት ጊዜ ሞከሩት፤ ሦስቴም እዚያው። ገልብጠው ሲያሳዩኝ ጥቁሩ የጎማ ቀለበት እንደ ደረቀ እንጀራ ጠርዝ ተሰነጣጥቋል፤ በጥፍሬ ስነካው ተፈረፈረ።

መካከሉ፦ ኮንደንሰሩን ሲፈቱት ራዲያተሩ ፊት ላይ ጭቃ ደርቆ እንደ ግድግዳ ተለስኗል። ከታች ሲሶው አይታይም። ላባውንም አግኝተናል፤ ጋሽ መፍቻ ተንብየዋል።

ውኃው፦ ቀለሙ የሻይ ነው። ለካ መኪናዋን ስገዛት ጀምሮ ኩላንት ሳይሆን የቧንቧ ውኃ ነው ያለባት።

ራዲያተሩ ታጠበ፣ አዲስ ክዳንና ኩላንት ገባ፣ 82ቱንም መለስኩት። ድሮ የነበረው በድስትና በክር ሲፈተን ደኅና ስለሆነ አዲስ አልገዛሁም። ከክሩ የወደቀው 82 ላይ ነው።

ክፍል 11 ፊዚክስ — ኅዳር 19፣ ከምሽቱ 2፡30

0.3 ባር! እስቲ እናስላው። ደጀን አካባቢ የአየሩ ግፊት 0.76 ባር ገደማ ነው። ክዳንህ 0.3 ጨመረበት፤ 1.06 ሆነ። በዚያ ግፊት ተራ ውኃ በ101 ዲግሪ ይፈላል። ማንበቢያህ ያሳየህ ስንት ነበር?

የለቡው ኮሮላ — ኅዳር 19፣ ከምሽቱ 2፡34

101። አሁን ገና ፀጉሬ ቆመ።

ቀዝቃዛ ሞተር — ኅዳር 19፣ ከምሽቱ 3፡10

ዳገቱን ወጥተህ ካላየህ ይህ ሁሉ ወሬ ነው።

የለቡው ኮሮላ — ታኅሣሥ 4፣ ከምሽቱ 3፡45

ወጥቼ አየሁ። ትናንት ሄጄ ዛሬ ተመለስኩ።

ሲኬድ ድልድዩን ስሻገር 89 ነበር። በሦስተኛ ማርሽ፣ ኤሲ ተዘግቶ፣ ከፊቴ ጠጠር የጫነ መኪና ስለነበረ ግማሹን መንገድ በሁለተኛ ነው የወጣሁት። ከፍተኛው 97። ደጀን ቆሜ ኮፈኑን ከፍቼ ማጠራቀሚያዋን አየሁ፤ ውኃው ከላይኛው ምልክት ትንሽ ከፍ ብሏል። ደብረ ማርቆስ አድሮ ሲቀዘቅዝ ወደ ቦታው ተመልሶ ጠበቀኝ። አንድ ጠብታ አልፈሰሰም። በመልሱ ወደ ጎሐ ጽዮን ስወጣ ደግሞ 96።

ፈጣን መንገድ ላይ 87 ነው፣ እንደ ድሮው። ጠዋት ጀርመን አደባባይ ሳልደርስ 80 ይሞላል። ቤንዚኑን ገና ሁለት ጊዜ ስለሞላሁ ብዙ አልናገርም፤ ወደ 13 እየተመለሰ ነው።

ቀዝቃዛ ወንድሜ፣ አንተም ክዳንህን ብታስፈትሽ?

ቀዝቃዛ ሞተር — ታኅሣሥ 4፣ ከምሽቱ 4፡20

አስፈትሻለሁ። ቴርሞስታት ግን አልገዛም።

ሰመራ መንገድ — ታኅሣሥ 5፣ ከጠዋቱ 1፡05

የለቡው፣ ያወጣሃት 76.5 ከተረፈች እኔ እወስዳታለሁ፤ መለዋወጫ መያዝ ጥሩ ነው። ዲያሜትሯን ለካልኝ።

የለቡው ኮሮላ — ታኅሣሥ 5፣ ከጠዋቱ 2፡15

ከዳሽቦርዱ መሳቢያ አውጥቼ በማስመሪያ ለካኋት፤ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 5 ሴንቲ ሜትር አትሞላም።

ሰመራ መንገድ — ታኅሣሥ 5፣ ከጠዋቱ 2፡20

አይ፣ የእኔ በጣም ሰፊ ነው፤ ውስጡ ትሰጥማለች። ለመምህርቷ ድስት ስጣት።